ቋሚዋ እስኪመለሱ ድረስ

የቅጥር ደብዳቤዬ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። በሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል፣ በትርፍ ሰዓት፣ ለአንድ ወሰነ ትምህርት፣ ቋሚዋ መምህርት ከወሊድ ፈቃድ እስኪመለሱ ድረስ ይላል። አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ። ሴትየዋ ልጇን ልትታቀፍ ወንበሯን ለቀቀች፣ እኔ ደግሞ ወንበሯ ላይ ልቀመጥ ልጄን ለእህቴ ሰጥቼ ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጓዝኩ። የማስተምረውስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሕፃናት ዕድገት። ሕፃን ልጅ ከእናቱ ሲለይ ምን እንደሚሆን አንድ ምዕራፍ ሙሉ አስተምራለሁ፣ ፈተናም አወጣበታለሁ።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ይሄን ስሙኝ። አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት አስተምሬያለሁ። መምህር ሲታመም ተክቻለሁ፣ መምህር ለትምህርት ሲሄድ ተክቻለሁ፣ አንዴማ መምህሩ ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ ጥሎ ሲወጣ በነጋታው ተጠርቼ ሰሌዳው ላይ ጀምሮ የተወውን ዓረፍተ ነገር ጨርሼለታለሁ። ሰው አንድ ነገር ካልሆነ እኔ ሥራ የለኝም። ክፍል ውስጥ ስገባ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ከስልሳ ተማሪ መሃል አንዱ ድንገት ሲገባው ፊቱ ላይ የማየውን ነገር በምንም አልለውጠውም። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር ያንን ትቼ ዕቃዬን ሸክፌ መውጣት ሰልችቶኝ ነበር። የምመኘው መሳቢያ ነበር፣ ሌላ አይደለም፣ የራሴ መሳቢያ። ቋሚዋ መምህርት መሳቢያዎቿን በሙሉ ቆልፋ ነው የሄደችው። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ የቤት ጫማዋን ትታለች፤ እንዳልረግጥባት አምስት ወር ሙሉ እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ልጄን ድንቡሼ እንላታለን፣ ከሰውነቷ ጉንጯ ስለሚበዛ። ስሄድ ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። አባቷ ገና ሳትወለድ ውልቅ ብሎ ሄዷል፣ የእሱን ነገር ተዉት። ይዣት እንዳልሄድ የተከራየኋት ክፍል አልጋ ከገባባት ወንበር የማይገባባት ጠባብ ናት፤ ሥራ ስገባ የሚይዝልኝ ሰውም የለም። እትዬ ግን አለች። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፣ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ ቤቷ ሆና ልብስ ትሰፋለች። ሃያ ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልሆነላትም፣ ባሏም ሞቶባት ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። ድንቡሼን ያዥልኝ ስላት ከአፌ ነጥቃ ነው እሺ ያለችኝ። አንድ ሴሚስተር እኮ ነው አልኳት። አንድ ሴሚስተር ምን አላት አለችኝ።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት ድንቡሼ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ሳልቀሰቅሳት ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ተማሪዎቼን ተሰናብታችሁ ሂዱ፣ ተደብቃችሁ አትውጡ፣ ሕፃን ሲሄድ ያየውን ሰው ነው ይመለሳል ብሎ የሚጠብቀው እያልኩ የማስተምረው ሴትዮ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁ። እያለቀሰች ብታየኝ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ መሄድ ደግሞ ፈልጌ ነበር። እውነቱ ይሄው ነው።

የመጀመሪያውን ወር ዓርብ ሄጄ እሁድ እመለስ ነበር። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ተማሪዎቹ በስተጀርባቸው «ጋሽ ይታያል» ነው የሚሏቸው፤ የመብራት አምፖል ተቃጠለ ብትሏቸውም፣ ውጤቴ ጠፋ ብትሏቸውም መልሳቸው ይታያል ነው። እኔን ግን ይታያል አላሉኝም። ቋሚዋ ፈቃዷን ልታራዝም እንደሆነ፣ ምናልባትም ጭራሽ እንደማትመለስ፣ ቦታው ሊከፈት እንደሆነ ነገሩኝ። የቅዳሜ ተማሪዎችን ደርበሽ ከያዝሽልኝ ስምሽን እኔ ራሴ አቀርባለሁ አሉኝ። ቅዳሜን ያዝኩላቸው። ቅዳሜን ስይዝ ልጄን የማይበት ቀን አለቀ፤ ስድስት ሰዓት ሄጄ በነጋታው ስድስት ሰዓት ብመለስ ልጄን የማያት በር ላይ ቆሜ ነው። እናም ስልክ ብቻ ቀረን።

እትዬ ስልኩን ድንቡሼ ፊት ታቆመውና በምስል እንገናኛለን። አሎ በያት ትላታለች። ድንቡሼ አሎ ትላለች። ስልኩን ትስመዋለች፣ እኔም በበኩሌ እስመዋለሁ፣ ከዚያ ቀዩን ምልክት በጣቷ ነክታ ትዘጋብኛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሜ አሎ ሆኖ ቀረ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወዲያኛው ክፍል «አሎ መጣች» እያለች ስትሮጥ እሰማታለሁ። እኔ ሞኟ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስም አወጣችልኝ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አውርቻለሁ።

እትዬን እማ እንደምትላት የሰማሁት አንድ ሳምንት ቆይቶ ነው። ጥሪው እንደተከፈተ ነበር፣ ድንቡሼ ውሃ ፈልጋ «እማ» አለች፣ እትዬም ወዬ አለቻት። ያኔ ነው እትዬ እኔ መስመር ላይ መሆኔ ትዝ ያላት፤ ደንግጣ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞረችው። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ስለ አየሩ ጠየቅኳት። ስለ አየሩ ብዙ አወራን።

ናፍቆቱ መጀመሪያ ደረቴ ላይ ነበር፣ ኋላ እጄ ላይ ወረደ። አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ላይ ቆሜ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ የስልሳ ተማሪ የፈተና ወረቀት ደረቴ ላይ አቅፌ ወዲህና ወዲያ እያወዛወዝኩ እሹሩሩ እያልኩት ኖሯል። ወገቤን ያመኛል ብዬ ዋሸሁት። አውቶቡስ ውስጥ የሰው ልጅ አንገት ሥር ማሽተት የሚያምረኝ ጊዜ ነበር፤ እናትየው ፊቷን ብታዞር አደርገው ነበር መሰለኝ። ማታ ማታ ሆድ ሲብሰኝ ቋሚ ስሆን ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ ሠራተኛ ይዤ፣ ድንቡሼን አምጥቼ እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ቦታውን ካገኘሁ ሁሉም ነገር ይስተካከላል የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተተክሎ ነበር።

ለቋሚ ቦታ የሚወዳደር ሰው በሦስት ገምጋሚዎች ፊት የማሳያ ትምህርት መስጠት አለበት። የእኔ ለዓርብ ጠዋት ተቀጠረ። መማሪያ ክፍላችን ከጎኑ አንዲት ትንሽ ክፍል አለችው፤ በመካከሉ ያለው መስታወት ከትንሿ ክፍል ሲያዩት መስታወት ነው፣ ከእኛ በኩል ሲያዩት ግን መስኮት ነው። ትንሿ ክፍል ውስጥ እናትና ልጅ እናስገባለን። ልጁ ይጫወታል። ቆይቶ የማያውቃት እንግዳ ሴት ትገባለች፣ እናት ትወጣለች፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ እናት ትመለሳለች። ተማሪዎች ከወዲህ ሆነው እያዩ ቅፅ ይሞላሉ። ሰው ሁሉ የሚያየው ልቅሶውን ነው። እኔ ግን ልቅሶውን ተዉትና ስትመለስ የሚሆነውን እዩ እላቸዋለሁ። ወደ እሷ ይሄዳል ወይ፣ ሲታቀፍ ይረጋጋል ወይ፣ ከተረጋጋስ ወደ መጫወቻው ይመለሳል ወይ? ልጁ የልቡን የሚናገረው እናት በር ከፍታ ስትገባ ነው።

ለዕለቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ልጇን ይዛ ልትመጣልኝ ተስማምታ ነበር። እትዬ ደግሞ ልታበረታታኝ ብላ ሐሙስ ከሰዓት ድንቡሼን ይዛ መጣች። ልጄን በአካል ካየኋት አራት ወር ሊሞላኝ ነበር። አውቶቡስ መናኸሪያ ከአንድ ሰዓት በፊት ደርሼ ጠበቅኳቸው። ሲወርዱ እጄን ዘርግቼ ስጠጋ ድንቡሼ ፊቷን እትዬ አንገት ውስጥ ቀበረች። እንቅልፍ ነው አለች እትዬ። መንገድ ነው፣ ደክሟታል አልኩ እኔ። ሁለታችንም ስንዋሽ ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

ዓርብ ጠዋት ልብሴን ስለብስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ደወለች። ልጁ ሲያተኩሰው አድሯል፣ አትጠብቁን አለች። ዱብ ዕዳ ነው። ገምጋሚዎቹን መልሼ ባሰናብት ቀጣዩ ቀጠሮ በሚቀጥለው ዓመት ነው። አልጋው ላይ ዞር ብዬ ድንቡሼን አየኋት፤ የእትዬን የጸጉር መርፌ ይዛ ትጫወታለች። በእሷ እሠራዋለሁ አልኩ።

እትዬ ይሄ ነገር ይቅርብሽ አለችኝ። ምን አለበት ብዬ ተቆጣሁ። ምን እንዳለበት ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያጠናው ሰው ራሱ እናት ሊሆን አይችልም፤ ይሄ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው፣ እኔው ራሴ ነኝ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው። እውነቱን ልናገር? ትምህርቱን ለማዳን ብቻ አይደለም ያደረግኩት። ስልሳ ተማሪና ሦስት ገምጋሚ እያየ ልጄ ወደ እኔ ስትሮጥ ማየት አማረኝ። ቀለም የቆጠረ ሰው በወረቀት እንዲመሰክርልኝ ፈለግኩ።

እትዬ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማን እንደሆነች ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ድንቡሼን ይዤ ትንሿ ክፍል ገባሁ። ምንጣፉ ላይ የእንጨት ኩቦች ነበሩ። ሁለቱን ደራርባ ወደ በሩ ታያለች፣ ሦስተኛውን ትጨምርና ወደ በሩ ታያለች። እንግዳዋን የምትጫወተው የክፍሉ ተጠሪ ገባች፣ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። እኔ በሥርዓቱ መሠረት ተነስቼ ወጣሁ።

ዞሬ ተማሪዎቹ ዘንድ ስገባ ሁሉም ወደ መስታወቱ አፍጥጠዋል። ድንቡሼ በሩ ሲዘጋ ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ ኩቦቿ ተመለሰች። አላለቀሰችም። እስክሪብቶዎች ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ። እናት ስትወጣ ልጅቷ እንዳልተረበሸች ልብ በሉ እያልኩ አስረዳለሁ፤ እናት የምለው ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስል ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠች መነጽራም ተማሪ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ያልተረበሸችው እናቷን ስለምታምን ነው ወይስ ስለማትጠብቃት ብላ ጠየቀችኝ። ስትመለስ እናያለን አልኳት።

ሁለት ደቂቃው አለቀ። በሩን ከፈትኩ።

ድንቡሼ ቀና አለች፣ ፊቷም በራ። ያቺን ቅጽበት አልክድም፣ አለችኝ፣ ከእኔ ጋር ናት። ከዚያ አየችኝ። ቀጥላ በእግሮቼ መሃል አሻግራ ከኋላዬ ያለውን በር አየች፤ ማንም አልተከተለኝም። ፊቷ ወዲያው ጨለመ። ደግነቷ ግን አልተለያትም፤ እንግዳ እንደማስተናገድ አንድ ኩብ አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና «አሎ» አለችኝ። ኩቡን ዘረጋችልኝ። ከግድግዳው ወዲያ ተማሪዎቹ ሲስቁ ተሰማኝ። ተቀበልኳትና ጆሮዬ ላይ አድርጌ አሎ አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ድንቡሼ ግን ጥሪው እንዳለቀ ሁሉ በአጠገቤ አልፋ በሩን በሁለት መዳፏ ትመታው ጀመር። «እማ» እያለች አለቀሰች። ላቅፋት ስሞክር ወገቧን ገትራ ጣውላ ሆነችብኝ።

ቅፁ ላይ ለዚህ የሚሆን ረድፍ አለ። ተማሪዎቹ ምልክት ያደርጉበታል፣ እኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጨምርበታለሁ፣ ትምህርቱ ያልፋል፣ ማንም ምንም አያውቅም። አንድ አፍታ አስቤዋለሁ። ልቅሶዋ ግን አንጀቴን በላኝ። በሩን ከፈትኩት። እትዬ ድምፁን ሰምታ ቀድሞውኑ ከአግዳሚው ተነስታ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ አትግቢ ስላልኳት ብቻ ነው እንደምንም ራሷን የያዘችው። ግቢ አልኳት። ምን ማድረግ እንዳለባት በሁለት ቃል ነገርኳትና ወደ ተማሪዎቹ ሄድኩ።

«የሞላችሁትን ቅፅ ሰርዙት» አልኳቸው። «ስህተቱ የእኔ ነው። እናት ብዬ ያስገባሁት እንግዳዋን ነው። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

ጀመርን። እትዬ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ድንቡሼ እንባዋ ሳይደርቅ ኩቦቹን ደረደረች፣ በሩን አንድ ጊዜም አላየችውም። እትዬ ስትወጣ ግን ጩኸቷ መስታወቱን ሊሰብረው ነበር። የክፍሉ ተጠሪ ልታባብላት ሞክራ አቃታት። ድንቡሼ እየዞረች መጥታ መስታወቱ ላይ ፊቷን ለጠፈች። እኔ ከወዲህ ነኝ፣ በመካከላችን አንድ ስንዝር አይሞላም፤ እሷ ግን የምታየው የራሷን ፊት ነው። ሰዓት መቁጠሪያውን ይዤ፣ የፍለጋ ባህርይ የምንለው ይሄንን ነው እያልኩ አስረዳሁ። ሁለት ደቂቃ እንደዚያ የረዘመብኝ ቀን የለም።

እትዬ ገባች። ድንቡሼ ሮጠች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፣ ታቅፋ ጭንቅላቷን የእትዬ ትከሻ ላይ ጣለች። አሥራ አንድ ሰከንድ። ቆጥሬዋለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ወርዳ ወደ ኩቦቿ ሄደች፣ አንዱን አምጥታ ለእትዬ ሰጠቻት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ያስተማርኩትን ነገር እንደዚያ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም። እያንዳንዷን ነገር አንድ በአንድ አስረዳሁ፣ ድምፄም አልከዳኝም። ይህች ልጅ ደህና ናት፣ ሰው አላት አልኳቸው። ከገምጋሚዎቹ አንደኛዋ፣ ሸምገል ያሉ ሴት፣ ለመሆኑ ይህችን ልጅ ከየት አገኘሻት ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ የወለድኳት» አልኩ።

መነጽራሟ ተማሪ እስክሪብቶዋን ዴስኩ ላይ አስቀመጠች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሽ ይታያል ቢሯቸው አስገብተው ጨበጡኝ። ገምጋሚዎቹ በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል፣ እንዲህ ያለ የማሳያ ትምህርት በሕይወታቸው አላዩም። ውሉን ሰጡኝ። ቋሚ ይላል። ከዚያች ቃል በላይ ዓይኔ አልሄደም። ከሥራ ሳንወጣ ፈርመሽ አምጪልኝ አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቋሚዋ ቢሮ ሄድኩ። እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ድንቡሼ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ወረቀቱን አሳየኋት። ሦስቴ አነበበችው።

«ፈርሚ» አለችኝ። «እኔ አለሁላት። ምን ይጎድልባታል?»

«ምንም አይጎድልባትም። አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያ ፈርሚ።»

«እትዬ፣ ፈርሚ የምትዪኝ ለእኔ ብለሽ ነው ለራስሽ?»

የድንቡሼን ካልሲ ሳብ አድርጋ አስተካከለችላት፣ ሌላኛውንም አስተካከለች። ከዚያ አቀርቅራ፣ «ለራሴም ነው» አለች። «ብትወስጃት አልቀየምሽም፣ ልጅሽ ናት። እንዴት ብዬ እንደምኖር ግን እንጃ።»

አምስት ወር ሙሉ ናፍቆት የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ይህቺ ሴት ሃያ ዓመት ስትናፍቅ የኖረችውን በእጇ አስይዣት፣ አሁን ደግሞ መልሺ ልላት ነው። ልጄን ከጭኗ ላይ አንስቼ መሮጥ አምሮኛል፣ አልዋሽም፤ እጄ ይበላኝ ነበር። ግን አሁን ብወስዳት ድንቡሼ እማ እያለች የማንን በር እንደምትደበድብ አውቃለሁ። አንዴ ሹልክ ብዬ ጥያት ወጥቻለሁ። አሁን ሁለተኛዋንም እናቷን እኔው ልነጥቃት ነው? ይሄንን ሌላ እናት ብታደርገው ክፍል ውስጥ ምን እንደምል አውቃለሁ።

«አልወስዳትም» አልኳት። «እኔ ነኝ የምመጣው። ፈተናውን አርሜ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ቤትሽ ቦታ አለ?»

እትዬ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። የጨርቁን ክምር ካነሳሁት አለ አለችኝ።

ጋሽ ይታያል ሳልፈርም የመለስኩላቸውን ወረቀት አገላብጠው አዩት። እትዬ ያለችበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ እንደሌለ አስታወሱኝ፤ መቼ ጠፍቶኝ። ምን ልትሠሪ ነው አሉኝ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቁልፍ መትከል እችላለሁ አልኳቸው። እንደ ቀልድ አልወሰዱትም። ቦታውን ለሁለት ሳምንት እንደሚያቆዩልኝ፣ ቆይተሽ አስቢበት አሉኝ። ከወጣሁ በኋላ በደረጃው ስወርድ የአንዱ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሌላ መምህር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪዎቹ አቀርቅረው ይገለብጣሉ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለልጄ አልነበረም፣ ለሰሌዳው ነው። ይሄንን ማንም እንዲያስተባብለኝ አልፈልግም፤ ሁለቱንም ወድጄ ነበር።

የመደበኛዎቹም የቅዳሜዎቹም ትምህርት ስላለቀ እስከ ፈተናው ሳምንት ድረስ ነፃ ነበርኩ። እትዬና ድንቡሼን ለመሸኘት ወጥቼ፣ ሳልሸኛቸው ለራሴም ትኬት ቆረጥኩ። ቅያሪ ልብስ እንኳን አልያዝኩም። ትኬት ቆራጩ ደርሶ መልስ ነው ወይ ሲለኝ ሰውየው ላይ ያለምክንያት ተቆጣሁበት፤ ሄዶ ተመላሽ የመሆኔን ነገር በማን ላይ ልወጣው።

አውቶቡሱ ውስጥ እትዬ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር፣ ድንቡሼ መሃል ላይ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ የእትዬ ቦርሳ። ተሳፋሪው ከኋላዬ ይገፋኛል። እኔ ብረቱን ይዤ መተላለፊያው ላይ ቆሜያለሁ፤ ስልሳ ሰው ፊት ቆሜ የማልፈራ ሴትዮ ከአንዲት ፍሬ ልጅ አጠገብ መቀመጥ ፈራሁ። እትዬ አየችኝ፣ ቦርሳውን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ እኔን እያሳየች፣ «እማ መጣች፣ አየሻት?» አለቻት። ይሄን ማለት ምን ያህል እንደከበዳት ከንፈሯ ላይ ታየኝ።

ድንቡሼ አየችኝ። ከዚያ መዳፏን እትዬ ደረት ላይ አሳርፋ «እማ» አለች፣ የተሳሳተ ሰው እንደሚያርም፣ ኮስተር ብላ።

እትዬ ልታርማት አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«አዎ፣ እሷ ናት» አልኩ። «እኔ አጠገብሽ የምቀመጠው ነኝ።»

ድንቡሼ ነገሩን አሰበችበት። እግሯን ሰብሰብ አደረገች፣ ባዶውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«ቁጭ በይ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ።